ለዳኛዋ የሚጨመረው

የሸሚዝ ፋብሪካው ሠራተኞች ቅዳሜ ጠዋት ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሲገቡ፣ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ በመካከል ደግሞ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ነጭ አንሶላ እንደ መጋረጃ ተወጥሮ ጠበቃቸው። ከአንሶላው ፊት አዲሷ የሰው ኃይል ኃላፊ ፊሽካ በአንገቷ አንጠልጥላ ቆማለች። ወደ ፋብሪካው ከመጣች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ሆኖም የቡድን ግንባታ፣ የቡድን መንፈስ፣ የቡድን ጨዋታ ሳትል ውላ ስለማታውቅ፣ ሠራተኛው ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ወደ ጎን ትቶ «ወይዘሪት ጨዋታ» ይላታል። እሷም ሰምታ ስቃለች እንጂ አልተቀየመችም።

ከሁሉም መጨረሻ የገባችው ዳኛዋ ነበረች። የእሷም ስም የወጣላት እዚሁ ነው። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ከስፌት መኪናዎቹ የሚወጣውን እያንዳንዱን ሸሚዝ ስትለካ ኖራለች። ልኩን የጠበቀው ወደ ካውያ ይሄዳል፤ ያልጠበቀው በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት ተደርጎበት ወደ ሰፊው ይመለሳል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። የምትለካበት ቢጫ ሜትር ሥራውን ካስተማረቻት ሴት የወረሰችው ነው፤ ጠርዙ ተላልጧል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮችም ከአውራ ጣቷ መመላለስ የተነሣ ደብዝዘዋል። ጠዋት ካፖርቷን ስታወልቅ አንገቷ ላይ ትጥለዋለች፤ ማታ ካፖርቷን ስትለብስ ጠቅልላ ኪሷ ትከተዋለች። ሌላ ሰው አይነካውም።

«እመቤት ዳኛ፣ ዛሬ እኮ ችሎት የለም፤ ሜትሩን ምን አመጣው?» አላት ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጭ፣ ጋሽ መቀስ የሚሉት።

«አንተስ ምላስህን ቤት ትተህ መምጣት አቃተህ?»

«ምላሴ ካልመጣችማ እኔ ብቻዬን መጥቼ ምን እሠራለሁ?»

ዳኛዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ለመሳቅ አልመጣችም። ስልሳ ሊሞላት ሦስት ዓመት የቀራት ሴት ቅዳሜዋን ሰውታ በፊሽካ ስትታዘዝ መዋሏ አንገብግቧታል። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ጠዋት ሻይ እየቀዳችላት፣ «ገመድ መዝለል ካለበት ጉልበትሽን ዘይት ቀብቼ ልላክሽ?» ብላ ተሳልቃባታለች።

ከዚህም ሌላ፣ በቦርሳዋ ውስጥ አንድ ያልተፈረመ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ምጥን ስለምትባለው የእጅጌ ሰፊ ሠራተኛ ነው። ምጥን ያሏት ቁመቷም ንግግሯም አነስ ያለ ስለሆነ ነው፤ የአንዲት ልጅ እናት ናት፤ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው ሰኞ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ከሰፋቻቸው ሸሚዞች ከየአሥሩ ስድስቱ እጅጌያቸው አጥሮ ተመልሰዋል። ዳኛዋ በወረቀቱ ላይ «ለቋሚነት አትበቃም» ብላ በሚያምር ጽሕፈቷ አስፍራ ጨርሳለች፤ የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ታስረክባለች፤ ምጥንም ትሰናበታለች። በዚህ ጉዳይ ዳኛዋ እንቅልፍ አላጣችም። አጭር አጭር ነው።

ፊሽካው ተነፋ።

«የዛሬው ጨዋታ የወረቀት ሸሚዝ ነው!» አለች ወይዘሪት ጨዋታ። «ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ከአንሶላው ወዲህ የሸሚዙን ቀኝ ይሠራል፤ ግማሹ ከአንሶላው ወዲያ ግራውን ይሠራል። መነጋገር ይቻላል፤ መተያየት ግን ክልክል ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ግማሾች እናገጣጥማለን። መስማማታችሁን ሸሚዙ ራሱ ይናገራል!»

«እኛማ ተያይተንም ተስማምተን አናውቅ» አለ ጋሽ መቀስ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ወይዘሪት ጨዋታ ለንድፍ የሚሆን ቡናማ ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ መቀስና ገና ከመጠቅለያው ያልወጣ አዲስ ሜትር አደለች። ዳኛዋ ግን የቀረበላትን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው። «እኔ የራሴ አለኝ፣ ልጄ።»

ዕጣው ምጥንን ከአንሶላው ወዲያ፣ ዳኛዋን ወዲህ ጣላቸው። ሥራው እንደ ተጀመረ ጨዋታነቱ ተረሳ፤ ሰው ሁሉ ከወገቡ አጎንብሶ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ የምር ያዘው።

«ወዲያ ያላችሁ፣ ኮሌታው በስንት?»

«በአርባ! ግማሹ ሃያ!»

«እጅጌስ፣ ምጥን?» ብላ ጮኸች ዳኛዋ።

«ስልሳ፣ እትዬ!»

«ስልሳ ይሁን! ኋላ እንዳላፍርብሽ!»

ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንሶላው ተነሣ፤ ሁለቱ ግማሾች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፈው ተጣበቁ። ኮሌታው ልክ ነው። ትከሻው ልክ ነው። እጅጌዎቹ ግን ጎን ለጎን ሲታጠፉ የቀኙ ከግራው ከአንድ ጣት በላይ በልጦ ወጣ። ጋሽ መቀስ ብድግ ብሎ የወረቀቱን ሸሚዝ በደረቱ ላይ ለጠፈውና እጆቹን እንደ ሙሽራ ዘረጋ። «አንዱ እጄ ሥራ ሲገባ ሌላው ገና አልጋ ላይ ነው!» ሲል ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ግራውን የሠራው ማነው?»

«ምጥን ናታ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ዳኛዋም ዝም ማለት ስትችል አላለችም። «እንኳን ጨርቁን ወረቀቱንም አሳጠረችው!» አለች፤ ሳቁም ከፊተኛው ይልቅ ጨመረ። ምጥን አዲሱን ሜትር በጣቶቿ ላይ ቀስ እያለች ጠቀለለችው።

«ስልሳ ነው የለካሁት፣ እትዬ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

«መወቃቀስ የለም!» አለች ወይዘሪት ጨዋታ እጆቿን እያጨበጨበች። «አሁን ሻይ እንጠጣ። ከሻይ በኋላ ቡድኑ ራሱ ለምን እንደ ተለያየ ፈልጎ ይነግረኛል።»

ሰው ሁሉ ወደ ሻዩ ሲተም ዳኛዋ ከወረቀቱ ሸሚዝ ዘንድ ቀረች። ምክንያቱን ፈልጎ ማምጣት የእሷ ሥራ እንደሆነ አልተጠራጠረችም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌላ ምን ሠርታለች? የምጥንን እጅጌ ዘረጋችና በቢጫው ሜትሯ ለካችው። ሃምሳ ዘጠኝ አይሞላም። «አላልኩም?» አለች ለራሷ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን አዲሱን ሜትር አየች፤ ምን እንደ ገፋፋት ሳታውቀው አንሥታ በዚያም ለካች። ልክ ስልሳ።

ስህተቱን የአዲሱ ሜትር አደረገችው። እንደገና ለካች። ስልሳ። የራሷን ቀኝ እጅጌ በአዲሱ ለካች፤ ከስልሳ አንድ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ከማድረጓ በፊት ግራና ቀኝ ገልመጥ አለች። ሁለቱን ሜትሮች ጫፍና ጫፋቸውን አግጥማ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። እስከ አሥር ድረስ እንደ ወንድማማች አብረው ሄዱ። ሃያ ላይ ቢጫው ትንሽ ቀደም አለ። አርባ ላይ ልዩነቱ ለዐይን ታየ። ስልሳ ላይ ሲደርሱ ቢጫው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ጥሎት አልፏል። ሜትሯ ተለጥጧል። በየቀኑ ስትስበው፣ ስትጠቀልለው፣ በአንገቷ ላቧን ስትመግበው፣ ሳይሰማት ቀስ በቀስ ረዝሟል።

ክው ብላ ቀረች። ጆሮዋ ሥር ጋለ። ዐይኗ ወረቀት ላይ ቢሆንም የምታየው ከሁለት ወር በፊት የሆነውን ነበር። ያን ቀን ምጥን የብረት ማስመሪያ ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ መጥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እትዬ፣ በብረቱ ስልሳ ነው የሚለው፤ አንዴ ቢያዩልኝ?» ብላ ነበር። ዳኛዋ ማስመሪያውን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። መላው የስፌት ክፍል እየሰማ፣ «እህቴ፣ ከመስፋት በፊት መቁጠር ይቀድማል፤ ልጅሽ ትምህርት ቤት ስትሄድ አብረሻት ግቢ» ብላታለች። ሁሉም ስቋል። ምጥን ማስመሪያውን በጎኗ አስጠግታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሆኖም መሬት አልተከፈተችም፤ የተከፈተው የኩሽናው በር ነው፤ ሻይ የያዙ ሰዎች እየተመለሱ ነበር። ዳኛዋ ቢጫውን ሜትር ጨብጣ ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

«እሺ፣ ምን አገኛችሁ?» አለች ወይዘሪት ጨዋታ።

ሁሉም ወደ ዳኛዋ ዞረ። እሷም አፏን ከፈተች፤ የወጣውን ቃል ግን ራሷም ከሌላ ሰው የመጣ ያህል ሰማችው። «ወረቀቱ ነው። ሲጣበቅ ተንሸራቶ ይሆናል።»

«ይኸው ምጥን ነጻ ወጣች፤ ጥፋተኛው ማጣበቂያው ነው!» አለ ጋሽ መቀስ።

ምጥን የዳኛዋን አንገት ልብ ብላ አየች። «እትዬ፣ ሜትርዎ ወደቀ እንዴ? ልፈልግልዎት?»

«አይ... ሞቆኝ ነው ያወለቅኩት» አለች ዳኛዋ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፤ ሰው ሁሉ ሹራብ ደርቧል።

ከሰዓት በኋላ ስለተደረጉት ጨዋታዎች ዳኛዋ አንድም ነገር አታስታውስም። ኳስ አቀባበሏት፤ ተቀበለች። ቁጭ በሉ ተባለ፤ ተቀመጠች። እጇ በየጊዜው ሳታስበው ወደ አንገቷ ይሄዳል፤ ባዶ ሲሆንባት ወደ ኪሷ ይወርዳል፤ እዚያም ሜትሩን ስታገኝ እንደ ሌባ ትሸማቀቃለች። በመጨረሻ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ሰው በስተቀኙ ከተቀመጠው ባልደረባ የተማረውን አንድ ነገር እንዲናገር ታዘዘ። ከምጥን በስተቀኝ የተቀመጠችው ዳኛዋ ነበረች።

ምጥን እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ ትንሽ አሰበች። «ከእትዬ የተማርኩት እጄን አለማመንን ነው» አለች። «ድሮ የሰፋሁትን ዐይኔን ጨፍኜ ልኩን አውቀው ነበር። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። አሁን ቤቴ ገብቼ የልጄን ቀሚስ እንኳ ሳሳጥር ሦስቴ እለካለሁ፤ ከለካሁም በኋላ ልቤ አያምንም። ጥንቃቄ ነው፤ ጥሩ ነው መሰለኝ።»

ሰዎች አጨበጨቡ። ምስጋና መስሏቸዋል፤ ምናልባትም ምጥን ራሷ ለምስጋና ብላ ይሆናል የተናገረችው። ለዳኛዋ ግን እያንዳንዱ ጭብጨባ እንደ ጥፊ ጉንጯ ላይ አረፈ። ተራው የእሷ ሆነ። በስተቀኟ ጋሽ መቀስ ተቀምጧል። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው አለች በልቧ።

«እኔ... ከጋሽ መቀስ... ቀልድ ተምሬአለሁ» አለች።

ቀልዳ የማታውቅ ሴት ይህን ማለቷ ራሱ ቀልድ ሆነና አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ምጥን ነበረች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዳኛዋ የኩሽናውን ጠረጴዛ በቢጫው ሜትር ስትለካ እህቷ አገኘቻት። እህቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስንትና ስንት ሕፃን ተቀብላ ጭንቅላቱን የለካችበት ሜትር አሁንም በመሳቢያዋ አለ። ዳኛዋ ምንም ሳትናገር እጇን ዘርግታ ያንን ጠየቀቻት። ሁለቱን አነጻጽረው አዩ።

«ተለጥጦብሻል» አለች እህቷ። «ምን ይገርማል? ይህን ያህል ዘመን እኔም ስንት ተለጥጫለሁ፤ ቀበቶዬን ጠይቂው። አዲስ ሜትር ግዢ።»

ዳኛዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ የወረቀቱን ሸሚዝ፣ የብረቱን ማስመሪያ፣ «ልጅሽ ትምህርት ቤት ስትሄድ» ያለችውን፣ ወረቀቱ ተንሸራቶ ነው ብላ መዋሸቷን ሳይቀር። ያን የመጨረሻውን ስትናገር ዐይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም።

«አንድ መላ አለ» አለች ከጨረሰች በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አዲስ ሜትር እገዛለሁ። ያችን ወረቀት ቀድጄ ሌላ እጽፋለሁ፤ ‹ለቋሚነት በቅታለች› ብዬ እፈርማለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሸሚዟ አይመለስም። ሥራዋ ተረፈ ማለት ነው። ማንስ ምን ይጎዳል?»

እህቷ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች። «ልጅቷ ታዲያ ምን ይመስላታል?»

«ምን ይመስላታል?»

«የማርሻት ይመስላታላ! በር ላይ ጠብቃ ‹እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ስትልሽ ጎንበስ ብለሽ ትቀበያታለሽ? እጇንስ መቼ ልታምን ነው?»

ዳኛዋ ቢጫውን ሜትር መጠቅለል ያዘች። እህቷም መልስ አልጠበቀችም፤ ድንቿን አነሣች። «እኔ አንድ ጊዜ» አለች ልጣጩን እየጣለች፣ «የአንዱን ሕፃን ክብደት አሳስቼ ጽፌ እናቱን ሳምንት ሙሉ አስለቅሻታለሁ። ሄጄ ነገርኳት። ሰደበችኝ። አቤት ስድብ! እስከ ዛሬ ሳስበው ላብ ያሰምጠኛል። ግን ሳስበው ብቻ ነው።»

ሰኞ ጠዋት፣ መኪናዎቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ የስፌት ክፍሉ ሠራተኞች እንደ ልማዳቸው የዕለቱን ትእዛዝ ለመስማት በመተላለፊያው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ይዞ መጣና ወደ ዳኛዋ እጁን ዘረጋ። «የምጥንን ጉዳይ አመጡልኝ?»

ምጥን በሦስተኛው ረድፍ ከመኪናዋ አጠገብ ቆማለች። ዕቃዎቿን፣ ትንሽዋን መቀሷንና የመርፌ ትራሷን፣ ቀድማ በፌስታል አስገብታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣለች። ዳኛዋ ያንን ፌስታል ስታይ አዘጋጅታ የመጣችው ንግግር ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«የማመጣው ሌላ ነገር አለ» አለችና ቢጫውን ሜትር ከኪሷ አውጥታ በሁሉም ፊት አንጠለጠለችው። «ይህ ሜትር የተበላሸ ነው። ተለጥጧል፤ ስልሳውን ሃምሳ ዘጠኝ እንኳ አያደርሰውም። የምጥን እጅጌ አላጠረም። ያጠረው... የእኔ ነገር ነው። ቅዳሜ ዕለት ዐውቄአለሁ፤ ወረቀቱ ተንሸራተተ ያልኩት ውሸቴን ነው። ከዚያም በፊት በማስመሪያ ለክታ አሳይታኛለች፤ እኔ ግን ሰው እየሰማ ሰደብኳት። ይቅር በይኝ፣ ምጥን። ሁላችሁም ይቅር በሉኝ።»

ዳኛዋ ቁጣ ጠብቃለች፤ ሳቅም ጠብቃለች፤ ለሁለቱም ራሷን አዘጋጅታ ነበር። ያልጠበቀችው የመጣው ከእጅጌ ሰፊዎቹ መካከል በዕድሜ ከምትበልጠው ነው።

«እኛማ እንጨምርልዎት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች ሴትየዋ፣ አሳቢ በሆነ ድምፅ።

«ምኑን ነው የምትጨምሩልኝ?»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ መሬት መሬት እያየች መለሰች። «ያው... የእጅጌውን ጫፍ ስናጥፍ ትንሽ ቀነስ አድርገን ነው የምናጥፈው። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ‹የዳኛዋ› እንለዋለን። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው እሱን ነው። ለምጥንም ነግረናት ነበር፤ ‹የልኩ ወረቀት ስልሳ ነው የሚለው› ብላ እምቢ አለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት... አራትም ሳይሆን አይቀርም።»

ዳኛዋ ቅዳሜ ያፈረችው እፍረት ሙሉ መስሏት ነበር። አሁን ግን ያ ጅማሬው እንደ ነበረ ገባት። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ክፍል እንደ አመለኛ አማት ሲያባብላት፣ የማትጠግበውን ነገር ዝም ብሎ ሲጨምርላት፣ እሷ ደግሞ በየቀኑ ጠመኔዋን ይዛ ልክ አስከባሪ ነኝ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

ጋሽ መቀስ ጉሮሮውን ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀልድ አልጀመረም። «ማን ይንገርሽ፣ እህቴ? የነገረችሽን ምን እንዳደረግሻት አይተናል። እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ።»

ይህን ሲል ብዙ ሰው ጫማውን ማየት ያዘ። ሥራ አስኪያጁም ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ለካ ገዢዎቹ ‹እጅጌው ረዝሟል› እያሉ የሚጽፉልኝ እውነታቸውን ነው! እኔ ደግሞ የሰዎቹ ክንድ ነው አጭር እያልኩ ስሟገት ከረምኩ።» ከጥግ የቆመችው ወይዘሪት ጨዋታ ደብተሯን ገልጣ፣ «እንግዲህ የቅዳሜው ጨዋታ...» ብላ ስትጀምር ጋሽ መቀስ ክንዷን ነካ አደረጋት። «ልጄ፣ ሠርቷል። አሁን ዝም በይና ተደሰቺ።»

ዳኛዋ በመተላለፊያው አልፋ ወደ ሦስተኛው ረድፍ፣ ወደ ምጥን ሄደች፤ ያ አሥር እርምጃ መንገድ እንዲህ ይረዝማል ብላ አስባ አታውቅም። ከፊቷ ቆማ እንደገና «ይቅርታ» ማለት ስትጀምር ምጥን አቋረጠቻት። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም።

«ይቅርታውን በኋላ እናየዋለን፣ እትዬ። መጀመሪያ እንለካ።»

ሊፈቱና እንደገና ሊሰፉ በመጋዘኑ የተከመሩ የምጥን ሸሚዞች አርባ ሰባት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱም አብረው ለክተው ውጤቱን እንዲያመጡ አዘዘ። ጠባቧ መጋዘን ውስጥ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ዳኛዋ ሸሚዝ ታነጥፋለች፤ ምጥን የብረቱን ማስመሪያ ታስቀምጣለች፤ ቁጥሩን ዳኛዋ ጮክ ብላ ታነባለች። ስልሳ። ስልሳ። ስልሳ ከሩብ። ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል፤ ያም ቢሆን ከሚፈቀደው ልዩነት አያልፍም። ስልሳ። በእያንዳንዱ ሸሚዝ ላይ የራሷ የጠመኔ መስቀል አለ፤ ዳኛዋ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ እያጠፋች ወደ ጎን ትከምራለች። በመካከላቸው ከቁጥር በቀር ሌላ ንግግር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ምጥን፣ «ያኔ ማስመሪያውን አይተውት ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ዳኛዋ ብዙ አስባ፣ «አላውቅም። ሳላየው የተቆጣሁሽ፣ ያኔም ፈርቼ ሳይሆን አይቀርም» አለች። ምጥን አንገቷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሠላሳ ስምንተኛው ሸሚዝ ላይ ዳኛዋ ቁጥሩን ማንበብ ጀምራ አቆመች።

«ስንት ነው?» አለች ምጥን።

«ምንም አይልም። ትንሽ ነው። ትለፍ።»

«ስንት ነው፣ እትዬ?»

«ሃምሳ ስምንት... ተኩል።»

ምጥን ጎንበስ ብላ በገዛ ዐይኗ አየችና እጅጌውን ገልብጣ ስፌቱን መረመረች። «ምን ይለፍ ይላሉ? አጭር ናት እኮ! ጫፉን አብዝቼ አጥፌዋለሁ፤ የእኔ ጥፋት ናት። መስቀሉን አያጥፉት።»

ዳኛዋ እርጥቡን ጨርቅ በእጇ እንደ ያዘች ቀረች። እሷ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ኪሷ ውስጥ ደብቃ የተሸከመችውን፣ ይህች ሴት ፌስታሏ ገና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ ልትደብቅ አልፈለገችም። ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ሸሚዙን ከነመስቀሉ አጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ቀርቷል» አለች ምጥን ማስመሪያውን እያስተካከለች። «ቀጣዩን ያንጥፉልኝ።»